የቡና ችግኝ በምን ያህል ብርሃን ማደግ እንደሚገባው

ለተክል ብርሃን ምግቡ ነው። ምግብ ሲያንስ ያከሳል፤ ያለ ልክና ያለ ጊዜው ሲሰጥ ደግሞ ያሳምማል። ይህ ነገር በተክል ሁሉ ዘንድ እውነት ቢሆንም ከብዙዎቹ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በቡና ችግኝ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ችግኝ ለሚያፈሉ መምህራንና ይህን ሥራ በምክር ለሚረዱ የአገር ሽማግሌዎች፣ ለቡና ችግኝ የሚገባው የብርሃን ልክ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ልኩም በምን እንደሚታወቅ፣ ችግኙም ከጥቂት ብርሃን ወደ ብዙ ብርሃን እንዴት እንደሚሻገር ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ነገሩን ከመዘርዘር አስቀድሞ የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወይና ደጋ አገር ተማሪዎች ያፈሉትን የቡና ችግኝ ቈጥሬ በመዝገብ እንድጽፍ፣ ለወላጆችም ሲታደል እንድቈጣጠር ታዝዤ ሄድሁ። ችግኙ ሦስት መደብ ሙሉ ነበር፤ በላዩም በሣር የተከደነ ዝቅ ያለ ዳስ ተሠርቶለት ነበር። ልጆቹ ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ከወንዝ ውሃ እየቀዱ አጠጥተውታል፤ ወላጆችም ጕድጓዳቸውን ቈፍረው ይጠባበቁ ነበር። እኔ ግን ከዳሱ ሥር ጐንበስ ብሎ መቍጠር ቢያስቸግረኝ «ዳሱ ይነሣ» አልሁ። ዳሱም በአንድ ጧት ተነሣ፤ ቈጠራውም ቀለለልኝ። ዝናቡ ግን ስለ ዘገየ የማደያው ቀን በአንድ ሳምንት ተላለፈ፤ ዳሱንም መልሶ የሚያለብሰው አልተገኘም። በሦስተኛው ቀን የላይኛው ቅጠል እየነጣ ሄደ፤ ሳምንቱ ሳይሞላ የነጣው ስፍራ ቡናማ ሆኖ ደረቀ።

በዚያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጕድጓድ አስቈፍረው ችግኛቸውን ሊቀበሉ መጥተው ነበርና ቅጠሉን በእጃቸው ዳስሰው አዩና፣ «ልጄ፣ አራስ ከቤት ስትወጣ ተከናንባ ነው። እናንተ ግን ይህን አራስ በቀትር ራቁቱን አወጣችሁት» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። ለመትከል የበቃው ችግኝ ከሦስቱ መደብ አንዱን እንኳ አልሞላም። በመዝገብ የጻፍሁትን ቍጥርም በቀይ ቀለም ሰርዤ አዲስ ጻፍሁ። የልጆቹን የስድስት ወር ድካም ግን መሰረዝ አልተቻለም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

፩፤ ቡና በጥላ ሥር የተወለደ ተክል ስለ መሆኑ

በመላው ዓለም የሚጠጣው አረቢካ የተባለው ቡና የትውልድ ስፍራው የኢትዮጵያ የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። በካፋና በያዩ እስከ ዛሬ ድረስ በታላላቅ ዛፎች ሥር ሰው ሳይተክለው የበቀለ ቡና ይገኛል፤ ስለዚህም እነዚህ ሁለት ደኖች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታውያን ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ተጽፈዋል። በዚያ ደን ውስጥ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ወደ ምድር አይደርስም። በቅጠሎች መካከል እየሾለከ በነጠብጣብ ይወርዳል፤ ነጠብጣቡም ፀሐይ ስትሄድ አብሮ ይሄዳል እንጂ በአንድ ቅጠል ላይ ቀኑን ሙሉ አይቆምም። የቡና ጠባይ በዚህ ሥርዓት ተቀርጿል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ቡና ጨለማ ይወዳል» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ቡና ጥላን የሚወደው ብርሃን ስለሚጠላ አይደለም፤ ብርሃኑ ተከፍሎ፣ ለዝቦ፣ በየጊዜው እየተፈራረቀ እንዲደርሰው ስለሚሻ ነው። በብራዚል ብዙ ቡና ያለ ጥላ ዛፍ ይተከላል፤ ይህም የሚቻለው ተክሉ ከጠነከረ በኋላ ብዙ ማዳበሪያና እንክብካቤ ሲጨመርለት ነው። ያለ ጥላ የቆመ ቡና አንድ ዓመት ከዐቅሙ በላይ ያፈራና ምግብ ካነሰው ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፍሬው ይጐድላል። ችግኝ ግን በማናቸውም አገር ቢሆን በልጅነቱ ጥላ ያስፈልገዋል።

፪፤ ብርሃን በቅጠል ውስጥ ምን እንደሚሠራ

ቅጠል ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በዐይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ይቀበላል፤ ሥርም ውሃን ከምድር ስቦ ይልክለታል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል የተባለው አረንጓዴ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይይዛል፤ በዚህም ኀይል ጋዙና ውሃው ተዋሕደው ስኳር ይሆናሉ፤ እኛ የምንተነፍሰው ኦክሲጅንም ወደ አየር ይወጣል። ያን ኢንገንሃውስ የተባለው የሆላንድ ተወላጅ ሐኪም ቅጠል ይህን ንጹሕ አየር የሚሰጠው በብርሃን ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1779 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። እንግዲህ ገበሬ በመሬት ላይ የሚያፈሰው ፍግ ለተክል እንደ ጨውና እንደ ቅመም ነው፤ እንጀራው ከብርሃን የሚሠራው ስኳር ነው።

የቡና ቅጠል ግን በቶሎ የሚጠግብ ነው። ከሙሉው የቀትር ፀሐይ ሩቡ ወይም ሢሶው ሲደርሰው ሊሠራው የሚችለውን ያህል ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የሚመጣውን ብርሃን ወደ ምግብ ሊለውጠው አይችልም። ትርፉ ኀይል ጥቂት ሲሆን ቅጠሉ በሙቀት መልክ ያስወጣዋል፤ ሲበዛበት ግን አረንጓዴውን ቀለም ያበላሸዋል። ቅጠል ነጣ የምንለውም ይህ ሲሆን ነው።

ደግሞም በጥላ ያደገ ቅጠልና በፀሐይ ያደገ ቅጠል አንድ አይደሉም። የጥላው ቅጠል ጥቂቱን ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል ሰፊ፣ ስስና ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። የፀሐዩ ቅጠል ብዙውን ለመቋቋም ሲል ጠበብ፣ ወፈርና ፈካ ይላል። የጥላው ቅጠል በአንድ ቀን የፀሐይ ቅጠል ሊሆን አይችልም፤ ተክሉ ለአዲሱ ብርሃን የተዘጋጀ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ሳምንታት ያስፈልጉታል። በዐቢይ ጾም ሁዳዴውን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት ያለ ልክ ቅባትና ሥጋ ቢበላ ሆዱ ይታወካል፤ ምግቡ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሆዱ ስላልለመደ ነው። የችግኙም ነገር እንዲሁ ነው።

፫፤ ዐይን እንደሚታለልና ብርሃን በገመድ እንደሚለካ

ከቀትር ፀሐይ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም፤ ጥቂት ሲቆይ ግን ዐይኑ ለምዶ መጽሐፍ ያነባል። የበራ ነገር የለም፤ የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ ነው። ቅጠል ግን እንደ ዐይን የሚሰፋ ብሌን የለውም። ብርሃን በሚለካበት በሉክስ ሲቈጠር በሜዳ ላይ የጠራ የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ይደርሳል፤ በቤት ውስጥ ከመስኮት ርቆ ለእኛ ብሩህ መስሎ በሚታየን ስፍራ ግን ብዙ ጊዜ 200 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ለዐይኔ በቂ ነው» ብሎ ለተክል መፍረድ አይገባም።

በመደብ ላይ ያለውን ጥላ ለመለካት ወጪ የሌለው መንገድ ይህ ነው። በአንድ ገመድ ላይ በየስንዝሩ 20 ቋጠሮ ይቋጠራል። ሰማይ በጠራ ቀን ከቀኑ በ6 ሰዓት ገመዱ ከዳሱ ሥር በመደቡ ላይ በሰያፍ ይዘረጋል። ፀሐይ ያረፈባቸው ቋጠሮዎች ይቈጠራሉ። 10 ቋጠሮ ፀሐይ ካገኘ ብርሃኑ ግማሽ ነው፤ 5 ካገኘ ሩብ ነው፤ 15 ካገኘ ሦስት እጅ ፀሐይ አንድ እጅ ጥላ ነው። የአንድ ስፍራ ቍጥር ሊያሳስት ስለሚችል በሦስት ስፍራ ዘርግቶ ደምሮ ለ3 ማካፈል የተሻለ ነው። ይህም ለተማሪዎች የሒሳብ ትምህርት ይሆናቸዋል።

፬፤ ከዘር እስከ ተከላ ያለው ሥርዓት

የመደቡ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን ይመረጣል። ጧትና ማታ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ በዳሱ ሥር ስትገባ ጠባቡን ጫፍ ብቻ ታገኛለችና። ዳሱ ልጆች ገብተው ሊያርሙና ሊያጠጡ እንዲችሉ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ከፍ ይበል። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአናት ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በደቡብ በኩል ያለው የዳሱ ክዳን ረዘም ብሎ ይውረድ።

ዘሩ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከተዘራ በኋላ ለመብቀል ብርሃን አይሻም። መደቡ በስስ የሣር ጉዝጓዝ ይሸፈናል፤ ይህም እርጥበቱን ይጠብቅለታል። እንደ አገሩ ሙቀት ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በብርዳም አገር ከዚያም በላይ ቆይቶ ብቅ ይላል። ብቅ ማለቱ እንደ ታየ ጉዝጓዙ ወደ ማታ ይነሣል፤ ከዘገየ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይጣመማል። ጉዝጓዙ ሲነሣ ዳሱ አስቀድሞ ተሠርቶ መገኘት አለበት።

ከዚህ በኋላ ችግኙ ግማሽ ብርሃን፣ ይኸውም በገመዱ 10 ቋጠሮ ያህል ይሰጠዋል። በሞቃት ቆላ 8 ቋጠሮ ቢሆን አይጐዳም። ደመና በበዛበትና በቀዘቀዘ አገር 12 ቢሆን ይጠቅማል። የዳሱ ሣር በነፋስ ሊሳሳ ወይም በዝናብ ተጣብቆ ሊጨልም ስለሚችል በየወሩ ገመዱን ዘርግቶ መመልከት ይገባል።

ተከላው ክረምቱ ሲገባ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ከተከላው 8 ሳምንት አስቀድሞ፣ ይኸውም በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ፣ ችግኙን ማለማመድ ይጀመራል። በየ2 ሳምንቱ ከዳሱ ጥቂት ሣር እየተነሣ የፀሐዩ ቍጥር ሁለት ሁለት ቋጠሮ ይጨመራል፤ ከ10 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 16፣ ከዚያም ወደ 18 ይደርሳል። ሣሩ የሚነሣው በደመና ቀን ወይም ወደ ማታ ይሁን እንጂ በጧት አይሁን፤ ማታ ሲነሣ ችግኙ ሌሊቱን አርፎ ያድራልና። ፊደል ያልቈጠረ ልጅ ዳዊት እንደማይደግም ሁሉ ችግኝም ደረጃውን ሳይፈጽም ለሜዳ ፀሐይ አይሰጥም።

በዚህ ስፍራ ሁልጊዜ ሊታሰብ የሚገባው ሕግ፣ ችግኙ የሚሄድበትን ስፍራ ብርሃን አስቀድሞ በመደቡ ላይ ማግኘት አለበት የሚለው ነው። በዋንዛ፣ በብርብራ ወይም በሳሳ ዛፍ ጥላ ሥር የሚተከል ከሆነ በዚያ ዛፍ ሥር ገመዱን ዘርግቶ መለካትና ልምምዱን በዚያ ቍጥር ላይ ማቆም ይገባል። ጥላ በሌለበት ስፍራ የሚተከል ከሆነ ግን ልምምዱ እስከ 18 ይደርሳል፤ በተከለም ጊዜ ለጊዜው ሙዝ ወይም ጉሎ በአጠገቡ ይተከልለታል፤ ወይም ቅጠላም ቅርንጫፍ በምዕራብ በኩል ይሰካለታል። ባሕር ዛፍ ግን ውሃውን ስለሚሻማው ለቡና ጥላ አይሆንም። ከደን ውስጥ ነቅሎ የሚተክልም ሰው እንደዚሁ ይጠንቀቅ፤ የደን ችግኝ ከሁሉ ይልቅ ጥላ የለመደ ነውና በመደብ ላይ ሳይለማመድ ሜዳ ላይ ከተተከለ ብዙው ይጠፋል።

፭፤ ችግኙ ራሱ የሚሰጠው ምልክት

ብርሃን ያነሰው ችግኝ ግንዱ ረዝሞ ይቀጥናል፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ ቅጠሉ ይሳሳል፤ ተክሉም ወደ ቀዳዳው ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል። በዚህ ላይ እርጥበት ሲበዛበት በምድር አፍ ላይ ግንዱ ጠቍሮ ይወድቃል።

ብርሃን የበዛበት ችግኝ ደግሞ የላይኛውና ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያየው ቅጠሉ ይገረጣል፤ ቀጥሎም ይነጣል፤ በመጨረሻም የነጣው ስፍራ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። የተቃጠለው ቅጠል መልሶ አይለመልምም፤ ጥላው ከተመለሰለት ግን ከጫፉ አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ስለሚችል ቸኵሎ መንቀል አይገባም።

እነዚህን ከሌላ ችግር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢጫነቱ ከታች ካሉት ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች የጀመረ እንደ ሆነ የምድሩ ምግብ አንሷል ማለት ነውና ፍግ እንጂ ጥላ አይፈውሰውም። ቅጠሉ በቀትር ጠውልጎ ማታ የሚቃና ከሆነ ውሃውን መመርመር ይገባል። ቢጫነቱ ከላይ በፀሐይ በኩል ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ብርሃን ነው።

፮፤ ቡና በማይበቅልበት ደጋ በቤት ውስጥ ስለ ማሳደግ

ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ቡና በሜዳ አይጸናም። ነገር ግን መምህሩ አንድ የቡና ችግኝ በማሰሮ ተክሎ በክፍሉ ውስጥ ቢያሳድግ ቡናን በጀበና ብቻ የሚያውቁት ልጆች ተክሉን በዐይናቸው ያያሉ። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1714 ዓ.ም. የአምስተርዳም ሹማምንት ለፈረንሳይ ንጉሥ ለ14ኛው ሉዊ አንድ የቡና ተክል በስጦታ ልከውለት፣ በፓሪስ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ በመስተዋት ቤት ውስጥ ይጠበቅ ነበር። መስተዋቱ ብርድን ይከለክላል፣ ብርሃንን ግን ያሳልፋልና።

ማሰሮው ውሃ እንዲያሳልፍ ከታች ይበሳ። የሚቀመጥበትም ስፍራ በምሥራቅ መስኮት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ የጧት ፀሐይ ለስላሳ ናትና። የምዕራብ መስኮት ፀሐይ ከቀትር በኋላ ስለምትበረታ ስስ ነጠላ በመስኮቱ ላይ ይጋረድ። በደቡብ መስኮት ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ብዙ ስለምትገባ እንደዚሁ ይደረግ። በማናቸውም መስኮት ቢሆን ከ2 ክንድ በላይ አይራቅ፤ ብርሃን ከመስኮት በራቀ ቍጥር ፈጥኖ ያንሳልና።

በቤት ውስጥ ገመዱ አያገለግልም፤ በእርሱ ፈንታ እጅ ያገለግላል። በቀትር በተክሉ ስፍራ ነጭ ወረቀት ይዘርጋ፤ ከበላዩም አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ እጅን መዘርጋት ነው። የጣቶቹ ጥላ ጥርት ብሎ በጥቁሩ ከታየ ብርሃኑ ብርቱ ነውና ይጋረድ። ጥላው ቢታይም ዳሩ የደበዘዘ ከሆነ ልክ ነው። ጥላው ፈጽሞ ካልታየ ተክሉ በረኃብ ላይ ነውና ወደ መስኮቱ ይቅረብ። ተክሉ በአንድ ወገን እንዳያዘነብል ማሰሮው በየሳምንቱ ሩብ ዙር ይዙር። የክፍሉ አቧራና የምድጃ ጢስ በቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ብርሃንን ስለሚከለክል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ለበዓል ጌጥ ብሎ ተክሉን በድንገት ወደ ግቢ ፀሐይ ማውጣት ከላይ የተናገርሁትን የእኔን ጥፋት መድገም ነው።

ለተማሪዎች ነገሩን በቶሎ ለማስረዳት ባቄላ ይበቃል። በሦስት ጣሳ አንድ ዓይነት አፈር ሞልቶ እኩል ባቄላ መዝራትና እኩል ውሃ ማጠጣት ነው፤ አንዱ በጨለማ ጓዳ፣ አንዱ በጥላ፣ አንዱ በፀሐይ ይቀመጥ። ከበቀለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ቁመቱን ይለኩ፤ ቀለሙንም ይጻፉ። ከሁሉ ረዝሞ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የጨለማው ነው፤ ነገር ግን ቢጫና ደካማ ሆኖ ይታያል። መርዘም ሁሉ ማደግ እንዳልሆነ ከዚህ ይማራሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ትምህርት ቤት በተላክሁ ጊዜ ባለ 20 ቋጠሮውን ገመድ ይዤ ሄድሁ። ግንቦት ሲገባ ልጆቹ ከመምህራቸው ጋራ ዘርግተው ይቈጥሩ፣ ሣሩንም በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ያነሡ ነበር። ቈጠራዬንም ከዳሱ ሥር ጐንበስ ብዬ ፈጸምሁ፤ ወገቤ አሞኛል፤ በመዝገቡ የጻፍሁት ቍጥር ግን አልተሰረዘም። እኒያ ሽማግሌም ችግኛቸውን በእጃቸው ተቀብለው ቅጠሉን እንደ ገና ዳስሰው፣ «ዘንድሮስ ተከናንቦ ወጣ» አሉ።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሌዎች፣ ዳሱን ለማንሣት እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ገመዱን ዘርጉ።